በሩ ጥቁር ከሆነ ግድግዳው ምን ይሁን?

ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ከመኪና እንደወረደ፣ ስለ ካርታውም ሆነ ስለ ካሬ ሜትሩ ከመጠየቁ በፊት ዓይኑ አንድ ዙር ሄዶ ይመለሳል። በሩን፣ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን ያያል። ዋጋ ገና አልተነሣም። ይሁን እንጂ በገዢው ልብ ውስጥ አንድ ቁጥር ተቀምጧል። ከዚያ በኋላ ደላላው የሚለፋው ያንን ቁጥር ከፍ ለማድረግ ነው፤ ገዢው የሚከራከረው ደግሞ ቁጥሩ ካለበት እንዳይነቃነቅ ነው። ለውጭ ቀለም የሚወጣው ገንዘብ ከቤቱ ጠቅላላ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀድሞ የሚናገረው ግን እሱ ነው።

በአዲስ አበባና በሌሎች ትላልቅ ከተሞች በቅርብ ዓመታት በተሠሩ ቤቶች ላይ ጥቁር በር በብዛት ይታያል። የግቢው የብረት በር ጥቁር ነው፤ የሳሎኑ መግቢያ ጥቁር ነው፤ የመስኮቱ ፍሬምም አንዳንዴ እነሱን ተከትሎ ጥቁር ይሆናል። ለዚህ ምክንያት አይታጣም። ጥቁር ቀለም ከየመደብሩ አይጠፋም። ደብዘዝ ያለው ዓይነት ደግሞ የብየዳ ጠባሳ ይሸፍናል። ከሁሉም በላይ ቤቱን ጠንካራና ውድ ያስመስለዋል። በሩን የመረጠው ባለቤት የግድግዳው ቀለም ላይ ሲደርስ ታዲያ ከቀቢውም ከወዳጁም የሚሰማው ምክር አንድ ነው፦ "ጥቁር ከሁሉም ጋር ይሄዳል፤ የወደድከውን ቀባ።"

ምክሩ እውነት ነው። ጣጣውም ከዚሁ እውነት ይመጣል። ቀይ በር ከሮዝ ግድግዳ ጋር አልስማማም ይላል፤ አረንጓዴ በርም ብዙ ዓይነት ሰማያዊ ይገፋል። ባለቤቱ ሳይወድ በግዱ ያስባል። ጥቁር በር ግን ማንንም አይከለክልም። ከልካይ ሲጠፋ ምርጫው መደብር ውስጥ፣ መዳፍ በምታህል ናሙና ላይ፣ በአምፖል ብርሃን ያልቃል። ቀለሙ ግድግዳ ላይ ከወጣ በኋላ ከበሩ ጋር ሳይሆን ከጣሪያው ጋር ሲጣላ ይታያል። ስለሆነም ባለቤቱ "ከጥቁር በር ጋር የሚሄደው የትኛው ነው?" ብሎ ቢጠይቅ የሚጠቅም መልስ አያገኝም። በሩ ጥቁር ከሆነ የግድግዳውን ቀለም የሚወስኑት በቀላል ገንዘብ የማይለወጡት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም ጣሪያው፣ ድንጋዩና የፀሐዩ አቅጣጫ ናቸው።

የአሜሪካ ገበያ ምን አሳየ?

ዚሎው የተባለው የአሜሪካ የቤት ገበያ ኩባንያ የተሸጡ ቤቶችን ከፎቶግራፎቻቸው ጋር እያነጻጸረ የቀለምን ድርሻ ለመለካት ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ትንተና ጥቁር ወይም ከሰል መሰል ግራጫ የፊት በር ያላቸው ቤቶች ይሸጡበታል ተብሎ ከሚጠበቀው ዋጋ እስከ 6,271 ዶላር ከፍ ብለው ተሽጠዋል። በዚያው ዓመት ትንተና ውጫቸው ቢጫ የሆኑ ቤቶች በ3,408 ዶላር ዝቅ ብለው ነው የሄዱት። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ደግሞ በቀላል ግራጫና በቤዥ መካከል ባለ ቀለም የተቀቡ ቤቶች መካከለኛ ቡናማ ከተቀቡት ተመሳሳይ ቤቶች በ3,496 ዶላር እንደበለጡ አመልክቷል።

ይህንን ዶላር በብር መንዝሮ ወደ አያት ወይም ወደ ሳሪስ ማምጣት አይቻልም። እዚያው አሜሪካ ውስጥም ቢሆን የበሩ ቀለም ከዋጋው ጋር አብሮ ታየ ማለት ዋጋውን በሩ አመጣው ማለት አይደለም። በሩን በጥንቃቄ ጥቁር የቀባ ሰው ሣሩንም ያጨደ፣ መስኮቱንም የወለወለ፣ የሚያፈስ ቧንቧውንም ያሠራ ሊሆን ይችላል። ገዢው የከፈለው ለዚህ ሁሉ ነው።

ቁጥሮቹ ግን አቅጣጫ ያሳያሉ። ረጋ ያለ ግድግዳ ከጥቁር በር ጋር ከፍ ይላል፤ የሚጮህ ግድግዳ ይወርዳል። የኢኮኖሚክስ ትርጉሙ ቀላል ነው። ገዢ ቤቱን ሲያይ "ይህንን ማስቀባት አለብኝ" ብሎ ካሰበ የቀለሙን፣ የቀቢውን፣ የመወጣጫውንና የድካሙን ሒሳብ በሆዱ ይይዝና ከሚሰጠው ዋጋ ይቀንሳል። የሚቀንሰውም አብዛኛውን ጊዜ ሥራው በእርግጥ ከሚፈጀው በላይ ነው። ሻጩ ቢጫውን የቀባው ወድዶት ሊሆን ይችላል፤ በድርድሩ ላይ ግን ቢጫው እንደ ዕዳ ይቆጠርበታል። የግድግዳ ቀለም ለሽያጭ ሲመረጥ መለኪያው ገዢው ሳይለውጠው ሊኖርበት መቻሉ ነው።

ጣሪያው ይጠየቅ

ባለቤቱ ከቀለም መደብር ከመሄዱ በፊት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ቤቱን ማየት ይጠቅመዋል። ከዚያ ሲታይ ጣሪያው ብዙ ቦታ ይይዛል። ጣሪያ ለቀለም ተብሎ አይቀየርም፤ ስለዚህ ግድግዳው ነው ለጣሪያው መታዘዝ ያለበት።

የቀለም ሰዎች ቀለሞችን ሞቃትና ቀዝቃዛ ብለው ይከፍላሉ። ወደ ቢጫና ወደ ቀይ የሚያዘነብለው ሞቃት ነው፤ ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብለው ቀዝቃዛ ነው። ነጭና ግራጫ እንኳ ከዚህ ክፍፍል አያመልጡም፤ ወተት የሚመስል ነጭ አለ፣ በረዶ የሚመስል ነጭ አለ። ጥቁር በር በሁለቱም በኩል ሊቆም ይችላል። ጣሪያው ግን አይችልም።

በፋብሪካ ቀለም የተቀባ ቡናማ ወይም ጡብ መሰል ቆርቆሮ ሞቃት ነው። ከሥሩ በረዶ መሰል ነጭ ወይም ሰማያዊ የነካው ግራጫ ሲቀመጥ ጣሪያውና ግድግዳው ከሁለት የተለያዩ ቤቶች ተወስደው የተገጣጠሙ ይመስላሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ ጣሪያ ክሬም፣ አሸዋ መሰል ቀለም ወይም ወደ ቡናማ የሚያዘነብል ቀላል ግራጫ ይስማማዋል። ጥቁሩ በር በመካከል ሆኖ ሁለቱን ያጸናል። ያልተቀባ ዚንክ ቆርቆሮ ደግሞ ቀዝቃዛ ነው፤ ነጭና ጥርት ያለ ግራጫ ያለ ጭቅጭቅ ይቀበላል። አረንጓዴ ጣሪያ ያለው ቤት ክሬም ወይም ድንጋይማ ቀለም ቢሆን ይሻለዋል። ሰማያዊ ጣሪያ ላይ ከነጭ ውጭ መሞከር ለደፋር ነው።

ቀጥሎ ድንጋዩ ነው። የአዲስ አበባ ቤት መሠረትና አጥር ብዙውን ጊዜ ከጥቁር ድንጋይ ይሠራል። ይህ ድንጋይ ከጥቁሩ በር ጋር ተባባሪ ነው፤ ታች ያለው ጥቁር በሩ ላይ ይደገማል፤ ዓይንም ድግግሞሹን እንደታሰበበት ነገር ይቆጥረዋል። ቢጫ ወደሆነው የሚያደላ ጥርብ ድንጋይ ወይም ክሬም መሰል የመቀሌ ድንጋይ የተለጠፈበት ቤት ግን ሞቃት ወገን ነው፤ ግራጫ ግድግዳ አጠገቡ ሲሆን ድንጋዩ ያደፈ ይመስላል። በረንዳው ላይ ቡናማ ሴራሚክ ካለም እንዲሁ ነው።

ጣሪያው ሞቃት፣ ድንጋዩ ቀዝቃዛ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ቡናማ ቆርቆሮና ጥቁር የድንጋይ መሠረት ያለው ቤት ለምሳሌ ሁለቱንም አለው። እዚህ ላይ ነው በግራጫና በቤዥ መካከል ያለው ያ የአሜሪካኖቹ ቀለም የሚጠቅመው። መደብር ውስጥ ሲታይ የማይረባ፣ አመድ የነካው ክሬም ይመስላል፤ ማንም በፍቅር አይመርጠውም። ግድግዳ ላይ ግን ከሁለቱም ወገን ጋር ይታረቃል።

የአዲስ አበባ ፀሐይ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር እዚህ ያለ ቀለም በቆላ ካለው የበለጠ ይደበደባል። ብርሃኑም ኃይለኛ ነው። በመደብር ውስጥ ለስለስ ያለ ክሬም የነበረ ቀለም በጥር ቀትር ላይ ነጭ ሆኖ ይገኛል።

ጥቁሩ በር ደግሞ ይህንን ያባብሰዋል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዥን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ሥራ ላይ እንዳስረዳው ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ ይለውጣሉ፤ ጥቁር አጠገብ ያለ ቀለምም ከራሱ ይበልጥ የነጣ ሆኖ ይታያል። በትልቅ ግድግዳ ላይ ሲወጣ ደግሞ ቀለሙ ከናሙናው በላይ ይደምቃል። የሁለቱ ድምር ሲታይ ባለጥቁር በር ቤት ከወደደው ናሙና አንድ ደረጃ ጠቆር ያለውንና አንድ ደረጃ ግራጫ የነካውን ቢይዝ መጨረሻ ላይ የወደደውን ያገኛል።

የቀለም ፋብሪካዎች ካታሎግ ላይ አንዳንዴ "ኤል.አር.ቪ." የሚል ቁጥር ይጻፋል። ቀለሙ ከሚያርፍበት ብርሃን ምን ያህሉን መልሶ እንደሚያንጸባርቅ ከ0 እስከ 100 የሚለካ ነው። ጥቁር በር ከ5 በታች ነው። ጥርት ያለ ነጭ ከ80 በላይ ይደርሳል። ለአዲስ አበባ ግድግዳ ከ55 እስከ 70 ያለው ዓይን ሳያጭበረብር ከበሩ በበቂ ይለያል። ከ20 በታች ከወረደ በሩ ግድግዳው ውስጥ መጥፋት ይጀምራል።

የአቅጣጫው ነገር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በቀሩት ወራት በደቡብ። በበጋ፣ ሰማዩ ጥርት በሚልበትና ቤት ገዢ እንደልቡ በሚዘዋወርበት ወቅት ማለት ነው፣ ፊቱ ወደ ደቡብ የሆነ ቤት ፀሐይ ፊት ለፊት ይመታዋል። ፊቱ ወደ ሰሜን የሆነው ጥላ ውስጥ ነው፤ ብርሃን የሚያገኘው ከሰማያዊው ሰማይ ነው። ስለዚህ በሰሜን ፊት ላይ የተቀባ ግራጫ ሰማያዊ ይሆናል፤ ከጥቁር በር ጋር ሆኖ ቤቱን ብርድ ብርድ ያሰኘዋል። ወደ ሰሜን ለሚያይ ቤት ሞቅ ያለው ወገን ይሻላል። ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ የሚያይ ቤት ቀዝቃዛውን ይችለዋል።

እያንዳንዱ ቀለም ከጥቁር በር ጋር

ነጭ ከጥቁር ጋር ትልቁን ልዩነት ይሰጣል። ፎቶግራፍ ላይ የሚያሸንፈው የለም፤ ማስታወቂያ በስልክ በሚዘዋወርበት በዛሬው ገበያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ክረምት ይመጣል። ከመሬት የሚፈናጠቀው ቀይ ጭቃ የግድግዳውን እግር እስከ ጉልበት ድረስ ያቀልመዋል። ነጭ የሚቀባ ሰው ከታች ከ50 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል በጥቁር ድንጋይ ወይም በጠቆር ግራጫ ቀበቶ ቢያስይዝ ያተርፋል። ቀበቶው ከበሩ ጥቁረት ጋር ስለሚዛመድ ተጨማሪ ጌጥ ይሆናል እንጂ መከላከያ አይመስልም። አሸንዳ የሌለው ጣሪያ ያለው ቤት ከነጭ ቢርቅ ይመረጣል።

ክሬም ያደግንበት ቀለም ነው። ከጥቁር በር ጋር ሲሆን ቤቱ የታወቀና የተረጋጋ ይመስላል፤ ለኪራይ ቤት ከእሱ የተሻለ ማግኘት ያስቸግራል። አደጋው አንድ ነው፦ ቢጫው። ክሬም የሚባል ነገር ውስጥ ቢጫ አለ፤ በኃይለኛ ፀሐይ ላይ በጥቁር ታጅቦ ሲወጣ ቢጫው ይጎላል፤ ባለቤቱ ክሬም ቀብቻለሁ ሲል ጎረቤቱ ሎሚ ያያል። የአሜሪካው ቢጫ ቤት በ3,408 ዶላር የወረደው ያለምክንያት ላይሆን ይችላል። ክሬም የሚፈልግ ሰው ወደ አሸዋ የሚሄደውን ይምረጥ።

ግራጫ በአዲስ አበባ ብዙ ተነጋግሮበታል። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ በርካታ ሕንጻዎች በግራጫ ዝርያዎች ተቀብተዋል። ስለዚህ በመንገድ ዳር ያለ ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሰው ብሩሽ ከማንሣቱ በፊት ወረዳውን ወይም ክፍለ ከተማውን መጠየቅ አለበት፤ ሁለት ጊዜ ማስቀባት ከማንኛውም ቀለም የበለጠ ውድ ነው። ግራጫ ከጥቁር በር ጋር መልካም ጥንድ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ሀገራችን ውስጥ አንድ የራሱ ችግር አለው። ልስኑ ያለቀ፣ ቀለም ያልተቀባ ግድግዳ ግራጫ ነው። መካከለኛ ግራጫ የተቀባ ቤት ከሩቅ ሲታይ ገንዘብ አልቆበት የቆመ ግንባታ ይመስላል፤ ጥቁሩ በርም አንቲረስት የተቀባ፣ የመጨረሻውን ቀለም የሚጠብቅ ብረት ይመስላል። ገዢው "ስንት ይቀረዋል?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚህ ለማምለጥ ግራጫው ከሲሚንቶ በግልጽ የነጣ ወይም በግልጽ የጠቆረ መሆን አለበት፤ የመስኮቱና የበሩ ዙሪያም በነጭ መከበብ አለበት። ይህች ነጭ መስመር ዋጋዋ ጥቂት ነው። "ቤቱ አልቋል" ብላ የምትናገረው ግን እሷ ናት።

አፈር መሰል ቀለሞች፣ ማለትም ጡብ መሰል፣ ዳማና የደረቀ ሸክላ የሚመስሉት፣ ከጥቁር ጋር የከበደ ውበት አላቸው። ልዩነታቸው አነስተኛ ስለሆነ በበሩና በግድግዳው መካከል ክሬም ፍሬም ይፈልጋሉ። የሚገባቸውን ያህል አይመረጡም። ሌላም ጥቅም አላቸው፦ መልካቸውን የሚያገኙት ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ብረት ኦክሳይድ ደግሞ ፀሐይ በቀላሉ አያነጣውም። ብዙዎቹ ደማቅ ቀይና ደማቅ ቢጫ ቀለሞች ግን ከሌላ ዓይነት ማቅለሚያ የሚሠሩ ስለሆኑ በዚህ ከፍታ ላይ ቶሎ ይገረጣሉ። ቤቱን አሥር ዓመት ይዞ የሚያከራይ ሰው ይህንን በወጪ ሒሳቡ ውስጥ ሊያስገባው ይገባል።

ደማቅ ሰማያዊ፣ ሮዝና ሐምራዊ ከጥቁር በር ጋር አይጣሉም። ለራሱ የሚኖርበት ሰው ደስ ካለው ይቀባ። ለሽያጭ የሚያዘጋጅ ግን የገዢዎቹን ቁጥር በገዛ እጁ እያሳነሰ መሆኑን ይወቅ።

ጥቁር በር በጥቁር ግድግዳ ላይ

ጠቆር ያለ ግድግዳ ከጥቁር በር ጋር አይሆንም የሚሉ አሉ። በዓለም ላይ በፎቶግራፍ ብዛት ከሚታወቁት በሮች አንዱ ግን እንዲህ ነው የተሠራው። ለንደን የሚገኘው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር መኖሪያ፣ ዳውኒንግ ስትሪት ቁጥር 10፣ ግንቡም በሩም ጥቁር ነው። የግንቡ ጡብ በተፈጥሮው ቢጫ ነበር፤ የለንደን የከሰል ጭስ በሁለት መቶ ዓመታት አጠቆረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ቤቱ በሰፊው ሲታደስ ጡቡ ቢታጠብ ቢጫ መሆኑ ታወቀ። ሕዝብ የለመደው ጥቁሩን ስለነበረ የጸዳው ጡብ እንደገና ጥቁር ተቀባ። በሩም እንዲሁ ነው፤ ቀድሞ ከእንጨት የተሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ቤቱ በሞርታር ከተጠቃ በኋላ ፍንዳታ በሚችል ብረት ተተካ፤ ቀለሙ ግን አልተለወጠም።

ያ በር የማይጠፋው ዙሪያውን በከበበው ነጭ ፍሬም፣ በነጫጭ መስኮቶቹና በሚያብረቀርቀው ጥቁሩ ምክንያት ነው። ግድግዳው ብርሃን ይውጣል፤ በሩ ይመልሳል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለአዲስ አበባም ይሠራል። ከሰል መሰል ግድግዳ የወደደ ሰው በሩን የሚያብረቀርቅ፣ ግድግዳውን ደብዛዛ፣ ፍሬሙን ነጭ ያድርግ። ሁለቱንም ደብዛዛ ጥቁር ካደረገ እንግዳ በሩን በዳበሳ ነው የሚፈልገው።

ከመግዛቱ በፊት

ናሙና ወረቀት ላይ አይወሰን። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ኮምፖርሳቶ ሁለት እጅ ተቀብቶ በሩ አጠገብ ይቁም። ጠዋት፣ ቀትርና አመሻሽ ላይ ከመንገድ ማዶ ይታይ። ሦስት ቀለም ለመሞከር ሦስት ትንንሽ ጣሳ ይበቃል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ቤቱ 12 በ10 ሜትር፣ ቁመቱ 3 ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 44 ሜትር፣ የግድግዳው ስፋት 132 ካሬ ሜትር ይሆናል። ለበርና ለመስኮት 22 ሲቀነስ 110 ካሬ ሜትር ይቀራል። ለስላሳ ልስን ላይ አንድ ሊትር የፕላስቲክ ቀለም በአንድ እጅ ወደ 10 ካሬ ሜትር ያዳርሳል፤ ለሁለት እጅ 22 ሊትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ግድግዳው ሻካራ ከሆነ ወይም ቀለሙ ኳርትዝ ከሆነ ከዚህ በላይ ይበላል። ጥቁሩ በር ግን ስፋቱ ከጥቂት ካሬ ሜትር አይበልጥም። የቀቢው የእጅ ዋጋና የመወጣጫው ኪራይ ለርካሹም ለውዱም ቀለም እኩል ስለሆነ በጣሳው ላይ የሚቆጠበው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ሲታይ ትንሽ ነው። ርካሹ ቀለም በሁለት ዓመት ከለቀቀ ግን የእጅ ዋጋውና መወጣጫው እንደገና ይከፈላሉ።

አዲስ ልስን አራት ሳምንት ያህል ሳይደርቅ ቀለም አይጫንበት፤ ከሲሚንቶው የሚወጣው ጨው ቀለሙን ያበላሸዋል። በሩ ብረት ከሆነ ዝገቱ ተፍቆ አንቲረስት ይቀባ፤ ከዚያ የውጭ ፀሐይ እንደሚችል የተጻፈበት የዘይት ቀለም ሁለት እጅ ይውጣበት። ጥቁሩን የሚያጠቁረው ካርበን ራሱ ፀሐይ አይበግረውም፤ እያረጀ ዱቄት የሚሆነውና በሩን አመድ የሚያስመስለው የያዘው ዘይት ነው። ፀሐይ ፊት ለፊት የሚመታው በር ከጥላው በር ቀድሞ መታደስ ይፈልጋል። የብረት በር በሙቀት ይለጠጣል ተብሎ የሚፈራው ግን የተጋነነ ነው፤ 2.10 ሜትር ቁመት ያለው በር ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ቢጨምር የሚረዝመው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። እንጨት በር ላይ ያለው ጉዳይ ይለያል፤ ጥቁር የተቀባ እንጨት በፀሐይ ደርቆ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል።

የግቢው በርና የሳሎኑ በር ሁለቱም ጥቁር ከሆኑ ከአንድ ጣሳ ቢቀቡ ይመረጣል። አንዱ አብረቅራቂ ሌላው ደብዛዛ ከሆነ አንደኛው ያረጀ ይመስላል። በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ግን የውጭው ግድግዳ የጋራ ንብረት ስለሆነ ለብቻው አይወስንም፤ ከማኅበሩ ጋር መነጋገር ይኖርበታል።

የሥራው ቅደም ተከተል ግድግዳ፣ ነጭ ፍሬም፣ በመጨረሻ በር ነው። በሩ ቀድሞ ከተቀባ የግድግዳው ፍንጣቂ ያርፍበታል፤ ጥቁር ላይ ያረፈ የክሬም ነጠብጣብ ደግሞ ከማንም ዓይን አያመልጥም። ሥራው ሲያልቅ የቀለሙ ቁጥርና የተመረተበት ቀን ከጣሳው ላይ ተገልብጦ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ይቀመጥ። ከሁለት ክረምት በኋላ የግድግዳውን እግር ብቻ ማደስ ሲያስፈልግ ያንን ቁጥር የያዘ ሰው አንድ ጣሳ ገዝቶ ይጨርሳል።